ዴሪክ የሚውልባቸው መናፈሻዎች

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 17

ልጄ ሊያን ለልደቴ የሰጠችኝ ደብተር ሰባት ወር ሙሉ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ከረመ። ዛሬ ያወጣሁት የማዋየው ሰው ስላጣሁ ነው። ለጎረቤቴ ለኖሪን እንዳልነግራት ወሬውን ያመጣችው ራሷ ናት።

ቆሻሻ ላወጣ ስወርድ በር ላይ ያዘችኝ።

«ግሌንዳ፣ ባልሽ የዓመት ፈቃድ ላይ ነው እንዴ?»

«ኧረ! በጠዋት ነው የወጣው።»

«እንግዲያው መንታ ወንድም አለውና ደብቀሽናል። ረፋድ ላይ ዋተርሎው ፓርክ፣ ኩሬው አጠገብ፣ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ ዳክዬ ሲያይ ነበር። እጄን አወዛወዝኩለት። እንደ ግድግዳ አየኝና ዞሮ ሄደ። ምን አስቀየምኩት?»

ዴሪክ አውቶቡስ ሲነዳ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ፈረቃው መሃል ላይ ክፍተት ይኖረው ይሆናል፤ እግሩን ሊያፍታታ ገብቶ ይሆናል። ግን ኖሪንን ለምን ይዘጋታል? እሷን መዝጋት እኮ ቀላል አይደለም።

ማታ «ሥራ እንዴት ዋለ?» አልኩት።

«መንገዱ ተጨናንቆ ነበር» አለ።

ኮፍያውን ሰቀለ። እኔም አልጠየቅኩም። ለምን እንዳልጠየቅኩ አላውቅም።


ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 18

ቸኩያለሁ። የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ዛሬ ሁለት ሰው ጎድሎበታል። ዴሪክ በሰዓቱ ወጣ፤ ኮፍያ፣ ቦርሳ፣ ሁሉም እንደ ድሮው። በመስኮት አየሁት። ወደ አውቶቡስ ጋራዡ የሚወስደው መንገድ በስተቀኝ ነው። እሱ ወደ ግራ ሄደ።


እሑድ፣ ሴፕቴምበር 22

ሻይ ሲቀዳልኝ ከሲኒው ውጪ ቀዳው። ዝም ብሎ ይቀዳል፤ ጠረጴዛው ላይ ኩሬ ሆነ። «አንተ ሰውዬ፣ ሐሳብህ የት ነው?» ብዬ ጮህኩበት። ጨርቅ አመጣና ያልፈሰሰበትን ቦታ ጠረገ። ተናደደብኝ መሰለኝ፤ ሆን ብሎ ነው እንዲያ የሚጠርገው።

ሌላም አለ። ባለፈው ወር መኪናችንን ለሊያን ሰጣት፤ «ለእሷ ይጠቅማታል» አለ። እንደ ዓይኑ ብሌን የሚያየው መኪና ነበር። ኳስ በቴሌቪዥን ማየት ትቶ በሬዲዮ መስማት ጀምሯል። ቅልጥሙ ላይ ሰማያዊ እብጠት አየሁ፤ አንዱ ሳይድን ሌላ ይጨምራል። «ጠጥተሃል እንዴ?» ብዬ አፉን አሸተትኩት። ሳቀ። ሳቁ ግን የእሱ አልነበረም።

ይህን ሁሉ ደርድሬ ሳየው አንዱ ከአንዱ አይገናኝልኝም። መኪና፣ ሻይ፣ ኳስ፣ ዳክዬ።


ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 26

ጃኬቱን ላጥብ ኪሱን ስፈትሽ ቅጠሎች አገኘሁ። ትልልቅ፣ የደረቁ፣ አምስት ዓይነት። አንዱ ጠርዙ እንደ መጋዝ ነው። ስልሳ አንድ ዓመት የሞላው ሰው ቅጠል ይለቅማል?

መልሼ ከተትኳቸው። ጃኬቱንም አላጠብኩትም።


ሐሙስ፣ ኦክቶበር 3

ዛሬ ነውር ሠርቻለሁ። ገላውን ሲታጠብ ቦርሳውን ከፈትኩ። በትዳር ሠላሳ አራት ዓመት አድርጌው አላውቅም።

አንድ ትልቅ ወረቀት ለአራት ተጣጥፎ አለ። በወፍራም ጥቁር ብዕር፣ ፊደሉ እንደ ጣቴ እየረዘመ፣ ልጅ የጻፈው ይመስላል፦ ዋተርሎው። አሌክሳንድራ። ሪጀንትስ። ክሊሶልድ፣ ማክሰኞ፣ ከፓውሊን ጋር። ሄዝ፣ መጨረሻ ላይ። ሁሉም የመናፈሻ ስሞች ናቸው።

ከታች ደግሞ ብቻውን፦ ለግሌንዳ መቼ?

ፓውሊን ማናት? ለግሌንዳስ መቼ ምን? መቼ ይነገራት? መቼ ልተዋት? ወረቀቱን በእጥፋቱ አጥፌ መለስኩት። ስቸኩል አንዱን ጥግ ቀደድኩት፤ አላወቀም። ወይም አውቆ ዝም ብሏል።

እንዲህ ግዙፍ አድርጎ መጻፉ ነው የገረመኝ። የሚደብቅ ሰው አሳንሶ አይደል የሚጽፈው?


ረቡዕ፣ ኦክቶበር 9

ወጥ ቤት ውስጥ ድንች ስንልጥ አንዷ ስለ እህቷ ባል አወራች። «ስልሳን ሲያልፉ ነው የሚያብዱት» አለች። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ ጣቴን ቆረጥኩ።


ሰኞ፣ ኦክቶበር 14

ሊድስ ከተማ ለምትኖረው ለሊያን ደወልኩላት። ቀጥታ መጠየቅ አቅቶኝ ዙሪያ ጥምጥም ሄድኩ።

«አባትሽ መኪናውን ሲሰጥሽ ምን አለሽ?»

«ለምንድነው የምትጠይቂኝ?»

«ዝም ብዬ።»

«እማ፣ ራሱን ጠይቂው።» ድምጿ ጥብቅ አለ። «እባክሽ፣ ራሱን ጠይቂው።»

እሷም ታውቃለች ማለት ነው። ልጄ ፓውሊንን ታውቃለች። ምናልባት አብረው ሻይ ጠጥተዋል። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ቤቱ ውስጥ ያሉት መብራቶች ሁሉ በርተዋል፤ ሰሞኑን ዴሪክ በጠራራ ፀሐይ ሳይቀር እያበራ ነው የሚሄደው። አንድ በአንድ አጠፋኋቸው። ማታ ሲገባ ከጫማ መደርደሪያው ጋር ተጋጨ። «ማን አጠፋው?» ብሎ ጮኸ። ዴሪክ ጮሆብኝ አያውቅም።


ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 22

ትምህርት ቤት ለሳምንት ተዘግቷል። የኖሪንን የዝናብ ካፖርት ተዋስኩ።

«ሰላይ ሆነሽ ተቀጠርሽ እንዴ?» አለችኝ።

«የእኔ ዚፑ ተበላሽቷል።»

«ዚፕ ይዋሻል አሉ» ብላ ዓይኗን ጠቀሰችኝ። ብቻ ሰጠችኝ፤ ኮፍያውንም ራሷ አለበሰችኝ።

ክሊሶልድ ፓርክ ቀድሜ ደረስኩና ከሚዳቋዎቹ አጥር ጀርባ ቆምኩ። ያለ ልጅ የቆምኩት እኔ ብቻ ነኝ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ መጡ።

ሴትዮዋ ሃምሳዎቹ ውስጥ ናት፤ አጭር ሽበት፣ አረንጓዴ ጃኬት፣ የተራራ ጫማ። ቆንጆ አይደለችም። ቆንጆ ብትሆን ይሻለኝ ነበር። እጁ ክርኗ ላይ ነው። እሷ በግማሽ እርምጃ ትቀድማለች፣ እሱ ይከተላል። ከእኔ ጋር ሲሄድ ሁልጊዜ እሱ ነው የሚቀድመው፤ «ቶሎ በይ እንጂ» እያለ። ደረጃው ጋ ሲደርሱ አንድ ነገር ሹክ አለችው፤ እግሩን ከፍ አድርጎ አነሳ፤ ሳቁ። ከዚያ ዓይኑን እንዲጨፍን አደረገችው። በእውነት! ዓይኑን ጨፍኖ ሲሄድ፣ እሷ ከጎኑ ሆና ስታወራው፣ እንደ ጎረምሶች ሲጫወቱ። ከቦርሳዋ እንደ ድንኳን ምሰሶ የሚተጣጠፍ ነጭ ነገር ወጥቶ ይታያል። ካምፕ ሊወጡ ነው?

ከዚያ ወደ እኔ መጡ። መሸሻ አልነበረኝም። ኮፍያዬ በነፋሱ ወደ ኋላ ወድቋል፤ ፊቴ ሙሉ ለሙሉ ይታያል። ዴሪክ አሥር እርምጃ ላይ ሆኖ ቀጥ ብሎ አየኝ። ቀጥ ብሎ! ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም፤ ድንጋጤ የለ፣ ኀፍረት የለ። አየኝና አለፈኝ።

በዝናቡ በእግሬ ነው የተመለስኩት። ሰው እንዴት ይህን ያህል ይጨክናል?


ረቡዕ፣ ኦክቶበር 23

ጉንፋን። ድምፄ ተዘግቷል። ትናንት ማታ እንደ ልማዱ እግሬን በብርድ ልብስ ሸፈነልኝ። «ዛሬ የት ዋልሽ?» አለኝ። «የትም» አልኩት። አንዳችን ነን ያበድነው።

ማናችን እንደሆንን ማወቅ አቃተኝ።


ሐሙስ፣ ኦክቶበር 24

ሁሉንም ልጻፈው፣ አለበለዚያ ነገ ራሴን አላምነውም።

ዛሬ የሄድኩት ልጣላው ነው። ዋተርሎው ፓርክ፣ ከኩሬው በላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ብቻውን ተቀምጧል፤ ዩኒፎርሙን ለብሶ፣ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። ከጎኑ ሄጄ ዘፍ አልኩ። «በቃ፣ ያዝኩህ» ልል አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ የለም። አየር ብቻ ወጣ።

አልዞረም።

«ብርድ ነው» አለ ወደ ኩሬው እንዳየ። «ማውራት ካልፈለጉ ግድ የለም። እኔ ግን አወራለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ‹ሾፌሩን አታነጋግሩ› የሚል ጽሑፍ ከራሴ በላይ ተለጥፎ ነው የኖርኩት።»

እርስዎ አለኝ። ባሌ እርስዎ ብሎ ጠራኝ። እያሾፈ መስሎኝ ፊቱን አየሁት። አላሾፈም።

«ይህችን ዛፍ ያውቋታል?» አለና ጣቱን ቀሰረ። «ማዶ ያለችውን። እኔ የማያት እሷን ብቻ ነው። ግራና ቀኟ ያሉትን ለማየት አንገቴን እንደ ዶሮ ማዞር አለብኝ። ሐኪሙ ‹በቧንቧ እንደማየት ነው› አለኝ። ቧንቧውም በየወሩ ይጠባል።»

የኖሪን ካፖርት እጀታ ውስጥ እጆቼን ደበቅኩ።

«ኦገስት ላይ ነው። የእግረኛ ማቋረጫ ላይ፣ የሕፃን ጋሪ የምትገፋ ሴት ከግራ መጣች። እኔ ዘንድ ግራ የሚባል ነገር አልነበረም። ተሳፋሪው ሲጮህ ነው ፍሬን የረገጥኩት። ጋሪው ይህን ያህል ነበር የቀረው።» ሁለት እጁን አቀራርቦ አሳየኝ፤ በመሃሉ ዳቦ እንኳ አይገባም። «ወርጄ ይቅርታ ጠየቅኳት። እሷ ‹ግድ የለም፣ ሁሉም ደህና ነው› እያለች እኔን ታጽናናኛለች። ቁልፉን ለተቆጣጣሪው ሰጠሁ። መሪ መያዝ በዚያው ቀረ።»

አንዲት ሴት ውሻዋን እየጎተተች አለፈች። እስክትርቅ ጠበቀ።

«እና ቀኑን እዚህ ነው የማሳልፈው። አንዳንዴ አሌክሳንድራ፣ አንዳንዴ ሪጀንትስ። ለሚስቴ ጡረታ ስወጣ የለንደንን መናፈሻ አንድ በአንድ እናዳርሳለን እያልኩ ነው ያስረጀኋት። አሁን ቀድሜ እያጠናሁት ነው። የቱ ጋ ደረጃ አለ፣ የቱ ጋ የዛፍ ሥር መሬት ሰንጥቆ ወጥቷል፣ የቱ መንገድ እጅ የሚጣልበት አጥር አለው። ቅጠሉንም በእጄ እየዳሰስኩ ስሙን እየያዝኩ ነው። ኋላ ስንመጣ ሸክም እንዳልሆንባት። ፓውሊን የምትባል ሴት አለች፤ እንደኔ ያሉትን በነጭ በትር መሄድ የምታስተምር። ዓይኔን እያስጨፈነች ታሰቃየኛለች።»

እዚህ ላይ አለቀስኩ መሰለኝ። ወይም ጉንፋኑ ነው።

«ለምን አልነገርካትም ይሉኝ ይሆናል። እናቷን ስድስት ዓመት አስታማለች። ማጉረስ፣ ማጠብ፣ ማንሳት። ከቀብር የተመለስን ዕለት ኮሪደሩ ላይ ጫማዋን አውልቃ ‹ከእንግዲህ የማንንም ሰው እጅ ይዤ አልሄድም› አለች። አልፈርድባትም። ደክሟት ነበር። ግን ጆሮዬ ውስጥ ቀረ።»

ያን ብያለሁ? እንዳልኩ አላስታውስም። ኮሪደሩን አስታውሳለሁ። ጫማዬ እግሬን እንዳቆሰለኝ አስታውሳለሁ።

መቀመጥ አልቻልኩም። ብድግ አልኩ። እሱ አሁንም ወደዚያች ዛፍ ነው የሚያየው።

«ወደ አርችዌይ የሚወስድሽ አውቶቡስ ዛሬ ታችኛው በር አይቆምም፤ መንገድ እየቆፈሩ ነው» አለ። «በላይኛው ውጪ። ቀስ ብለሽ ውጪ፣ ደረጃው እርጥብ ነው።»

በላይኛው በር ወጣሁ። አውቶቡሱ እውነትም እዚያ ነበር። አርችዌይ፣ ቤቴ አጠገብ ስወርድ ነው ትዝ ያለኝ፤ የት እንደምኖር አልነገርኩትም። ደግሞም ሲጀምር እርስዎ ብሎኝ ነበር፤ ሲጨርስ ግን አንቺ አለኝ።


ዓርብ፣ ኦክቶበር 25

ማታ ዓሣና ድንች ይዞ መጣ። «ሥራ እንዴት ዋለ?» አልኩት፤ ድምፄ ትንሽ ተመልሷል። «ደህና ነበር» አለ። ኮምጣጤውን ከእጁ ፊት ለፊት አስጠጋሁለት። አገኘው።

ሻይ ያፈሰሰ ዕለት እንዴት እንደጮህኩበት ደጋግሜ እያሰብኩ ነው። መብራቱን እንዴት እንዳጠፋሁበት። አፉን ማሽተቴ! ሠላሳ አራት ዓመት አብሬው ኖሬ ከባሌ ዓይን ይልቅ አፉን መረመርኩ።

በሌላ በኩል ደግሞ ተናድጃለሁ። ለልጄ ነገራት፤ ለፓውሊን ነገራት፤ አግዳሚ ወንበር ላይ ለተቀመጠች ለማያውቃት ሴት ነገራት። ካላወቃት። ማዘን ይሁን መናደድ ያለብኝ ግራ ገብቶኛል፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ እየመጡ እዚያው ይጋጩብኛል።

ኖሪን ካፖርቷን ስመልስ «እና? ሰላይዋ ምን አገኘች?» አለችኝ።

«ባሌን» አልኳት።

ማስረጃ የምትፈልግ ይመስል የካፖርቷን ኪስ ፈተሸች።


ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 26

ቁርስ ላይ። እንቁላሉን በሹካ እየፈለገ ነው።

«ሰኞ የት ነው የምትሄደው?» አልኩት።

«ሥራ ነዋ።»

«ዴሪክ።»

ሹካውን አስቀመጠ። ሬዲዮው ስለ አየር ሁኔታ ያወራል።

«ሄዝ» አለ።

«ልምጣ?»

«ዝናብ ነው እያሉ ነው።»

«ልምጣ ወይ ነው ያልኩህ።»

«ጭቃ አለው። ዳገት አለው። አንቺ ደግሞ ዳገት አትወጂም።»

«አንተ፣ ልምጣ ወይስ አልምጣ?»

«ነይ» አለ። ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ጠረጴዛውን ዞሬ ሄጄ ራሱን ሆዴ ላይ ያዝኩት። እንቁላሉ ቀዘቀዘ። ወንበሩ ላይ ስለነገረኝ አልጠየቅኩትም፣ እሱም አላነሳም። አንድ ቀን እጠይቀው ይሆናል፤ ወይም እንዲሁ ይቅር።

ዩኒፎርሙን አጠብኩት። አጣጥፌ ላይኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት።


ሰኞ፣ ኦክቶበር 28

ለወጥ ቤት ኃላፊዋ ደውዬ አልመጣም አልኳት። በአሥራ አንድ ዓመት የመጀመሪያዬ ነው። «አመመሽ?» አለችኝ። «አይ፣ መናፈሻ ልሄድ ነው» አልኳት። ምን ብላ መዝገብ ላይ እንደምትጽፈው አላውቅም።

ፓውሊን ሄዝ መግቢያው ላይ ቆማ ጠበቀችን። እጄን ስትጨብጠኝ እንደ ግንበኛ ነው። ክሊሶልድ አጥር ጀርባ ተደብቄ ምን እንዳሰብኩ ብታውቅ! ፊቴ ሲቀላ ተሰማኝ።

ወዲያው የዴሪክን ክንድ ያዝኩት፤ ልደግፈው።

«የኔ እመቤት፣ አይሆንም» አለችኝ። «እንዲያ ከያዝሽው እየገፋሽው ነው፤ ጋሪ አይደለም። እሱ ያንቺን ክርን ይያዝ። አንቺ ግማሽ እርምጃ ቅደሚ። የሚመጣውን ነገር ተናገሪ፤ ደረጃ ካለ ደረጃ፣ ጭቃ ካለ ጭቃ። ሌላ ንግግር አያስፈልግም።»

«ሌላ ንግግር አያስፈልግም ነው ያልሻት?» አለ ዴሪክ። «ለእሷ? ባህሩን አድርቂ ብትያት ይቀላታል።»

እስከ ኩሬዎቹ አብራን ሄደችና «በሉ፣ ራሳችሁን ቻሉ» ብላን ተመለሰች። ቀረን ሁለታችን። እኔ ለሠላሳ አራት ዓመት ከኋላ ነበርኩ፤ መቅደም አላውቅበትም። መንታ መንገድ ላይ የቱን እንደምይዝ ጠየቅኩት፤ «መሪዋ አንቺ ነሽ» አለኝ። የያዝኩት መንገድ ጫካ ውስጥ ገብቶ ጠፋ።

እዚያ ነው የጣልኩት። አንድ ቀይ ቅጠል ያለው ዛፍ አይቼ «ዴሪክ፣ ይህንን እየው!» አልኩ። እየው አልኩት! ያን እያልኩ ከእግሬ ሥር ያለውን የዛፍ ሥር እኔ ተራመድኩት፤ ለእሱ ግን አልነገርኩትም። በግንባሩ ተደፋ። መዳፉ ተላጠ፤ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀደደ። አጠገቡ ተንበርክኬ «ይቅርታ፣ ይቅርታ፣ አይሆንልኝም፣ ፓውሊንን ልጥራት» ስል ትከሻው ይንቀጠቀጣል። የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር።

እየሳቀ ነው። የራሱን ሳቅ።

«እኔ ሁለት ወር ሙሉ ጣልኩሽ» አለ ጭቃውን ከአገጩ እየጠረገ። «አንቺ አንዴ ጣልሽኝ። ገና ብዙ ይቀርሻል።»

መሬቱ ላይ እንዳለን ተቃቅፈን ቀረን። ውሻ ይዘው የሚያልፉ ባልና ሚስት «እርዳታ ትፈልጋላችሁ?» አሉን። «አይ፣ እየተዝናናን ነው» አላቸው ዴሪክ።

ከዚያ በኋላ ሁሉንም ነገር መናገር ጀመርኩ። ጭቃ። ዳገት። ቅርንጫፍ። ልጅ በብስክሌት። ድንጋይ፣ ትንሽ፣ በግራህ። እስክደክም ተናገርኩ፤ ድምፄ እንደገና ሊዘጋ ደረሰ። ጫካውን ስንወጣ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጣ፤ መንገዱ ላይ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ነገር ተጋድሟል።

«ደረጃ» አልኩት።

ደረጃ አልነበረም፤ የዛፍ ጥላ ነው። ዴሪክ ግን እግሩን አነሳ።